አሜሪካ የተመሠረተችው በክርስትና ላይ ነው ወይስ አይደለም? ሙክት ተወራርጄበታለሁ

የጠባሴው፦

ሰላም ቤቶች፣ እንዴት ናችሁ። ከደብረ ብርሃን ነኝ። ጥያቄዬ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሙክት የተያዘበት ነገር ስለሆነ በቁም ነገር መልሱልኝ።

ለጥር ሥላሴ የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ መጥቶ ነበር። እዚያ ከሄደ ሃያ ዓመት አልፎታል። ጠበል ጸዲቁ ተበልቶ፣ ቄሶቹ መርቀው፣ እንግዳው ሁሉ ከወጣ በኋላ እኛ የቤት ሰዎች ከሰሉን ከበን ቀረን። የጥርን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጠላው አልቆ አረቄ ተጀምሯል። ወሬው ከየት ተነስቶ እዚያ እንደደረሰ አላስታውስም፣ ብቻ ታናሽ ወንድሜ "አሜሪካኖቹ እኮ እንዲህ የሰለጠኑት ሃይማኖትን ከመንግሥት ስለለዩ ነው" ብሎ አመለጠው። የአክስቴ ልጅ ብድግ አለ። "ማን ነው እንዲህ ያለህ? ሕጓም መንግሥቷም የተመሠረተው በክርስትና ላይ ነው። የተበላሸችው አሁን ነው" አለና ከኪሱ አንድ ዶላር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በመዳፉ መታው። አረቄ ፈሶበት ስለነበር ዶላሩ እዚያው ተለጥፎ ቀረ። "እስቲ አንብበው!" አለኝ። አነበብኩት። በእግዚአብሔር እንታመናለን ይላል። እውነት ነው፣ ይላል።

ከዚያማ ወረደብኝ። ፕሬዚዳንቱ ሲሾም መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን አይጭንም ወይ? ተማሪዎቹ ጠዋት ጠዋት ባንዲራው ፊት ቆመው "በእግዚአብሔር ሥር ያለች አንድ አገር" አይሉም ወይ? ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሙሴ አልተቀረጸም ወይ?

እኔም አረቄው ልብ ሰጥቶኝ "ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ የኢየሱስ ስም የለም" አልኩ። ከየት አመጣኸው ብትሉኝ ከቲክቶክ ነው። "አለ" አለ። "የለም" አልኩ። እናቴ "ኧረ በሥላሴ ቀን ተዉ" እያለች በሙክት ተወራረድን። የተሸነፈ የፋሲካን ሙክት ይገዛል። እሱ ተመልሶ ሄዷል፣ ግን በየማታው የዩቲዩብ ቪዲዮ ይልክልኛል። አንዳንዱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሙክት ዘንድሮ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ። የሚያውቅ ሰው እውነቱን ይንገረኝ፣ ብሸነፍም አውቄ ልሸነፍ።

ቀይት፦

ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። የታሪክ መምህርት ነኝ፣ ይህን ጥያቄ ተማሪም ያነሳብኛል። ከዚያች ከተለጠፈችው ዶላር ልጀምር። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታባችሁ።

አገሪቱ ነፃነቷን ያወጀችው በ1776 ነው። ያ ጽሑፍ መጀመሪያ ሳንቲም ላይ የወጣው በ1864፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፋፋም ነው። የአገሪቱ ይፋዊ መፈክር የሆነው በ1956 ነው። ወረቀቱ ላይ መታተም የጀመረው ደግሞ በ1957። የተማሪዎቹም ቃል እንደዚያው ነው። የተጻፈው በ1892 ሲሆን "በእግዚአብሔር ሥር" የምትለዋ ቃል የገባችበት በ1954 ነው። ያኔ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተፋጠዋል። እነዚያ አምላክ የለም ባዮች ናቸው፣ እኛ እንደነሱ አይደለንም ለማለት ነው የጨመሩት። እንግዲህ የአክስትህ ልጅ "አያቴ ይህን ቤት ሲሠራው እንዲህ ነበር" እያለ ያሳየህ የልጅ ልጅ የቀባውን ቀለም ነው።

ወደ መሠረቱ እንሂድ። ሕገ መንግሥቱ የተረቀቀው በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ነው። ኢየሱስ የሚል የለበትም። እግዚአብሔር የሚልም የለበትም። ቲክቶክ አንዳንዴ ይሳካለታል። መጨረሻው ላይ ብቻ፣ ቀኑ ሲጻፍ፣ "በጌታችን ዓመት" የሚል አለ። ቪዲዮዎቹ የሚጮሁት ይህችን ይዘው ነው። እኛስ? የወረዳ ደብዳቤ ላይ፣ የውሃ ቢል ላይ ሳይቀር ዓ.ም. እንላለን። ዓመተ ምሕረት ማለት እኮ ነው። ውሃ ልማቱ በዚህ ምክንያት ደብር አልሆነም።

ስድስተኛው አንቀጽ ለመንግሥት ሹመት የሃይማኖት መመዘኛ ፈጽሞ አይጠየቅም ይላል። ይህ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም፤ እንግሊዝ አገር የንጉሡን ቤተ ክርስቲያን ላልተቀበለ ሰው ሹመት በሕግ ዝግ ነበር። በ1791 ደግሞ የመጀመሪያው ማሻሻያ መጣ። ምክር ቤቱ ሃይማኖትን የሚያቋቁም ሕግ አያወጣም፣ ሰው እንዳያመልክም አይከለክልም የሚል ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጅ መጫንም ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። የፕሬዚዳንቱ መሐላ ቃል በቃል ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፏል፣ መጽሐፍ ቅዱስም "እግዚአብሔር ይርዳኝ" የሚልም አታገኝበትም። እንዲያውም "እምላለሁ ወይም አረጋግጣለሁ" ይላል፣ መማል አይገባም የሚሉ ክርስቲያኖች ስለነበሩ። ጆን ክዊንሲ አዳምስ በ1825 ሲሾም የማለው የሕግ መጽሐፍ ይዞ ነው።

የሞላሌ ልጅ፦

መምህርት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ቃል መቁጠር ታሪክ አይደለም። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ወዴት እንደማጋድል አልደብቅም።

ሰዎቹ እነማን ነበሩ? በ1620 ፕሊመዝ የወረዱት አገራቸውን ጥለው የወጡት ለሃይማኖታቸው ብለው ነው። ማሳቹሴትስ በ1641 ያወጣችው ሕግ በሞት የሚያስቀጡ ወንጀሎችን ሲዘረዝር ከጎኑ የኦሪት ጥቅስ ጽፎበታል። ዘዳግም ይህን፣ ዘሌዋውያን ያን እያለ። ይህ በእግዚአብሔር ቃል ላይ ካልተመሠረተ በምን ላይ ሊመሠረት ነው? ከነፃነት በኋላ እንኳ ኮነቲከት እስከ 1818፣ ማሳቹሴትስ እስከ 1833 ቤተ ክርስቲያንን በግብር ይደግፉ ነበር። በ1789 የተሰበሰበው የመጀመሪያው ምክር ቤት ራሱ ደመወዝ የሚከፈለው ቄስ ቀጠረ። ጆን አዳምስ በ1798 ሕገ መንግሥታችን የተሠራው ግብረ ገብና ሃይማኖት ላለው ሕዝብ ብቻ ነው ብሎ ጽፏል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1892 ይህች የክርስቲያን አገር ናት ብሏል፣ በፍርድ ሐተታ ላይ ነው ያሰፈረው።

የነፃነት መግለጫውንስ ምን ልታደርጉት ነው? ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል፣ መብቱንም የሰጠው ፈጣሪ ነው ይላል። ይህን ከየት አመጡት? ከሮም? ሮማውያን ባሪያ ፈንጋዮች ነበሩ። ጠጁን ጠጥቶ ማሩን መካድ ደግ አይደለም።

አልዩ አምባ፦

የሞላሌው ወንድሜ፣ የባሪያውን ነገር ባታነሳው ይሻልህ ነበር። ያን መግለጫ የጻፈው ጀፈርሰን ራሱ ባሪያዎች ነበሩት።

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ በስሜ ታውቁኛላችሁ። ስለ አሜሪካ የማነበው ከድሮ ጀምሮ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ንግድ መርከቦች በሰሜን አፍሪካ ባሕር ላይ እየተያዙ ሠራተኞቹ ይታሰሩ ነበር። ስለዚህ ከትሪፖሊ ገዢ ጋር፣ ዛሬ ሊቢያ ከምንላት ማለት ነው፣ ውል ተዋዋሉ። አሥራ አንደኛው አንቀጽ ምን ይላል መሰላችሁ፦ የአሜሪካ መንግሥት በምንም መልኩ በክርስትና ሃይማኖት ላይ የተመሠረተ አይደለም፣ በሙስሊሞች ሕግና እምነት ላይም ጥላቻ የለውም። ሴኔቱ በሰኔ 1797 አንድም ተቃውሞ ሳይሰማበት አጸደቀው። ፈረመበት የተባለው ፕሬዚዳንት ማን ነው? ያው አንተ የጠቀስከው ጆን አዳምስ። ሕገ መንግሥቱ ሥራ ከጀመረ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሰዎቹ በሕይወት አሉ፣ "ኧረ ይህ ስህተት ነው" የሚል አንድ እንኳ ከሴኔቱ አልተነሳም።

የሙሴው ቅርጽ ደግሞ እውነት ነው፣ አለ። ግን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሐሙራቢም አለ፣ ኮንፊሽየስም አለ፣ የእኛም ነቢይ ተቀርጸዋል። እኛ እንዲህ ያለውን ምስል አንወድም፣ ያ ሌላ ወሬ ነው። ሰሎሞንም አለበት፣ ለእናንተ ደስ ይበላችሁ ብዬ ነው። ሕግ አውጪዎችን ነው የደረደሩት እንጂ ታቦት አይደለም ያስገቡት።

የሞላሌ ልጅ፦

ያ ውል እኮ መርከብ ለማስጣል የተጻፈ ነው። ደግሞ የዐረብኛው ቅጂ ላይ ያ አንቀጽ የለም ሲባል ሰምቻለሁ።

አልዩ አምባ፦

ልክ ነህ፣ የዐረብኛው ላይ የለም። ግን ሴኔቱ ያነበበውና ያጸደቀው የእንግሊዝኛውን ነው፣ እሱ ላይ ቁልጭ ብሎ አለ። ለመርከብ ሲሉ ሃይማኖታቸውን ካዱ ነው የምትለኝ? እንግዲያ ከእኔ በላይ እየሰደብካቸው ነው።

ደነባ፦

እኔ አንድ የማይገባኝ አለ። እድራችን እንኳ ሲሰበሰብ "አባታችን ሆይ" ሳይባል አይከፈትም። እነዚያ አገር ሊመሠርቱ የተቀመጡት ሰዎች ሳይጸልዩ ነው የጀመሩት?

ቀይት፦

ጥሩ ጠየቅክ ደነባ። ሳይጸልዩ ነው። ስብሰባው ወር ካለፈው በኋላ፣ ጭቅጭቁ ሲበዛ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ተነሳ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ሰኔ 28 ቀን 1787 በእነሱ አቆጣጠር። ድንቢጥ ያለ ፈቃዱ መሬት ካልወደቀች አገር ያለ እሱ እርዳታ እንዴት ይቆማል፣ ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ ቄስ ይምጣና ይጸለይ አለ። ልብ በሉ፣ ፍራንክሊን እዚያ ከነበሩት ሁሉ በሃይማኖት የጠበቀው ሰው አልነበረም። አንዱ ተነስቶ ችግሩ ሌላ አይደለም፣ ለቄስ የምንከፍለው ገንዘብ የለንም አለ። ድምፅ ሳይሰጥበት ተበተኑ። ፍራንክሊን ኋላ ወረቀቱ ላይ፣ ከሦስት ወይም ከአራት ሰው በቀር ጸሎት አያስፈልግም አሉ ብሎ ጻፈበት።

ጀፈርሰን ደግሞ በስተርጅናው ወንጌልን በምላጭ እየቆረጠ ተአምራቱን አስቀርቶ ትምህርቱን ብቻ ሌላ ደብተር ላይ ለጥፏል። እግዚአብሔር የለም አላለም፣ ግን የሞላሌው ሰንበት ትምህርት ቤት የሚቀበለው ክርስቲያን አይመስለኝም።

የሞላሌ ልጅ፦

በምላጭ?! ኧረ የሰማይ ያለህ።

ጡረተኛው፦

ልጆች፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ፍርድ ቤት ነው ያረጀሁት፣ መጀመሪያ መዝገብ ቤት፣ ኋላ ዳኝነት ላይ። ዐይኔ ደክሟል፣ የፊደል ግድፈት ብታገኙ እለፉኝ።

አንድ ነገር ገረመኝ። እዚህ የምንጽፈው የሰሜን ሸዋ ሰዎች ነን። በክርስትና ላይ የቆመ ሕግና መንግሥት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ዩቲዩብ ያስፈልገናል እንዴ? እቤታችን የነበረ ነገር ነው። ፍትሐ ነገሥትን ውሰዱ። የግብጹ ክርስቲያን ኢብን አል-አሳል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐረብኛ አሰናዳው፣ ኋላ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ያስመጣው ዘርዐ ያዕቆብ ነው ይባላል፣ የእኛው የደብረ ብርሃኑ። 51 አንቀጽ ነው። ሃያ ሁለቱ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ የቀረው ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ነፍስ ግድያ። ሊቃውንቱ ችሎት ላይ ተቀምጠው አንቀጹን እያነበቡ ይፈረድበት ነበር። ቀጥሎ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ አንቀጽ 126 ላይ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ በመንግሥትም ትደገፋለች ይላል። ንጉሠ ነገሥቱም ምንጊዜም የዚችው ሃይማኖት ተከታይ እንዲሆን ያስገድዳል። በክርስትና ላይ መመሥረት ማለት ይህ ነው። አንቀጽ ቁጥር አለው፣ ገልጠህ ታነበዋለህ። የአሜሪካውን ከዳር እስከ ዳር ብትገልጡት ይህን የመሰለ አታገኙም።

የሞላሌው ልጄ ግን አልዋሸም። ማሳቹሴትስም ኮነቲከትም ቨርጂኒያም የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው። የመጀመሪያው ማሻሻያም ሲጻፍ የሚያስረው የፌዴራሉን ምክር ቤት ብቻ ስለነበር ክፍላተ ግዛቱ በልማዳቸው ቆዩ። ልንጠይቅ የሚገባን ታዲያ፣ ከመሃሉ ለምን አስወጡት የሚለውን ነው። ከሃዲ ስለሆኑ አይደለም። መንግሥት አንድ ሃይማኖት ሲይዝ መጀመሪያ የሚመታው የገዛ ወንድሙን ስለሆነ ነው። ሜሪ ዳየርን በ1660 ቦስተን ላይ የሰቀሏት ክርስቲያኖች ናቸው፣ እሷም ክርስቲያን ነበረች፣ ኩዌከር ከሚባሉት። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ የባፕቲስት ሰባክያንን ያለ ፈቃድ ሰበካችሁ እያሉ ወህኒ ያወርዷቸው ነበር። ኋላ የሕገ መንግሥቱ አባት የተባለው ማዲሰን ያኔ ወጣት ነበር፣ በሰፈሩ ይህን እያየ ተንገበገበ። ከነፃነት በኋላ ለክርስትና አስተማሪዎች የሚሆን ግብር ይጣል የሚል ረቂቅ ሲመጣ በ1785 ተቃውሞውን ጻፈ። ክርስትናን ከሌላው ሃይማኖት ለይቶ የማቋቋም ሥልጣን ያለው አካል፣ ከክርስቲያኖችም መሃል አንዱን ወገን ለይቶ ለማቋቋም ምን ያግደዋል አለ። ከጎኑ ተሰልፈው ፊርማ ያሰባሰቡት እነማን ናቸው? ከሌሎቹ ጋር ባፕቲስቶቹ ራሳቸው። ረቂቁ ወደቀ፣ በዓመቱ የጀፈርሰን የሃይማኖት ነፃነት ሕግ በቨርጂኒያ ጸደቀ። ጀፈርሰን በ1802 በቤተ ክርስቲያንና በመንግሥት መካከል ግንብ ተሠራ ብሎ የጻፈውም፣ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው፣ ለኮነቲከት ባፕቲስቶች የላከው መልስ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነው? ደብረ ብርሃን ስሟን ከየት አገኘች? ከሰማይ የወረደ ብርሃን ታየ ተባለ፣ ንጉሡም ከተማውን እዚህ አደረገ። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተነዋል። ዜና መዋዕሉን ያነበበ ግን ከፊቱ ያለውንም ያውቃል። ብርሃኑ ከመታየቱ 38 ቀን አስቀድሞ ደቂቀ እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግረዋል። ብርሃኑን ንጉሡ እግዚአብሔር ሥራህን ወደድኩልህ ያለው ምልክት አድርጎ ነው የወሰደው። የተወገሩት ሙስሊሞች ወይም አረማውያን አልነበሩም። መነኮሳት ናቸው፣ ጾመኞች። ወደ ቅርብ ኑ። ሸዋ ውስጥ የሦስት ልደት ትምህርት ስንት ሊቅ ያስተምረው ነበር፣ ቤተ መንግሥቱም ደግፎት ነበር። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው ተዋሕዶ ብቻ ተባለ፣ የሸዋ ሊቃውንት በአንድ ቀን መናፍቅ ሆነው ዋሉ። የወሎ ሙስሊሞችም ተጠመቁ ተባሉ። እኔ ተዋሕዶ ነኝ፣ በትምህርቱ ቅር አይለኝም። ግን የንጉሥ አዋጅ የጨረሰው ክርክር ነው።

የአክስትህ ልጅ ሜሪላንድ ነው ያልከው፣ ለእሱ የሚሆን አለኝ። ሜሪላንድ በ1649 ስለ ሃይማኖት መቻቻል የወጣ ሕግ አላት፣ በዘመኑ ይመሰገን ነበር። ያ የመቻቻል ሕግ ታዲያ ሥላሴን የካደ በሞት ይቀጣ ይላል። የእናንተን የሥላሴ ጠበል ጸዲቅ ማንም አይነካውም ነበር፣ ከጎረቤት አንድ አይሁዳዊ ቢኖር ግን አንገቱን ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ እዚያው ግዛት አንድ ሰው የውልና ማስረጃ ዓይነት ሥራ ተሾመ፣ በእግዚአብሔር መኖር አምናለሁ ብለህ ካልፈረምክ አሉት። አልፈርምም አለ፣ ሹመቱን ከለከሉት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1961 በአንድ ድምፅ ፈረደለት።

የ1892ቱን ፍርድ ልረሳው ነበር። እሱም የሥላሴ ነገር ነው፣ ተመልከቱ። የኒው ዮርክ ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዝ አገር ቄስ አስመጣች። የውጭ ሠራተኛ በውል ማስመጣት የሚከለክል ሕግ ነበርና ተከሰሰች። ዳኛው ያ ሕግ ለቄስ አልወጣም ለማለት ሲያስረዳ ነው የክርስቲያን አገር ነን ያለው። እኛ ዳኞች ሐተታ ስናበዛ እንዲህ ያመልጠናል። ያው ዳኛ ራሱ ኋላ በ1905 ሲያብራራ፣ ክርስትና በሕግ የተቋቋመ ሃይማኖት ነው ማለቴ አይደለም ብሏል።

የጠባሴው፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። የደብረ ብርሃኑን 38 ቀን ግን ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ አትግደል አትስረቅ የሚለው ሕጋቸው ከአሥርቱ ትእዛዛት አይደለም ወይ የመጣው ይለኛል።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ሌባ በአውጫጭኝ ሲፈለግ አላየህም፣ አልደረስክበትም። አገሬው ተሰብስቦ፣ እየማለ፣ ሌባው እስኪገኝ ወደ ቤቱ አይገባም ነበር። አትስረቅ የሚለው የሌለበት አገር አሳየኝና እኔም ሙክት ልጨምር። ከአሥሩ መጀመሪያ ያለውን ጠይቀው። ከእኔ በቀር ሌላ አምላክ አይሁንልህ ነው የሚለው። ይህን ሕግ አድርጎ ማውጣት የመጀመሪያው ማሻሻያ በግልጽ የከለከለው ነው። የፍርድ ሥርዓታቸው፣ ማለትም የአሥራ ሁለት ሰው ዳኝነቱ፣ የክስ አቀራረቡ ሁሉ፣ ከእንግሊዝ የልማድ ሕግ የወረሱት ነው። የእኛም ፍትሐ ነገሥት ሁለተኛው ክፍሉ አብዛኛው ከሮም ነገሥታት ሕግ የተቀዳ ነው፣ ካነሳኸው አይቀር።

የሞላሌ ልጅ፦

እሺ ጋሼ፣ ስለ ፌዴራሉ መንግሥት እጄን ሰጥቻለሁ። ስለ ሕዝቡ ግን አልሰጥም። ያን ሁሉ ነፃነት የጠየቁት ባፕቲስቶች ናቸው አላሉም? ሃይማኖታቸው ነው ያስጠየቃቸው።

ጡረተኛው፦

እሱን አልከራከርህም። እውነትህን ነው።

የጠባሴው፦

ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ስክሪንሾት አድርጌ ላክሁለት። የሰባት ደቂቃ የድምፅ መልእክት መለሰ። መጀመሪያ ተቆጣ፣ መሃሉ ላይ ስለ ሜሪላንዱ ሕግ "ይህንማ እዚህ ኖሬ አላውቀውም" አለ፣ መጨረሻ ላይ "የተወራረድነው የኢየሱስ ስም አለ የለም በሚለው ነው ወይስ ስለ መመሥረቱ?" ብሎ ጠየቀኝ። ብልጥ ነው። በስሙ ከሆነ እኔ አሸንፌያለሁ፣ ስለ መመሥረቱ ከሆነ ማሳቹሴትስን ሊያመጣብኝ ነው። ጋሼ ይፍረዱን።

ጡረተኛው፦

ምስክር አለ?

የጠባሴው፦

እናቴ ነበረች። "እኔ የሰማሁት ሙክት ሲባል ብቻ ነው" ትላለች።

ጡረተኛው፦

እንግዲያው እሱ በዶላር ይክፈል፣ አንተ ሐሙስ ገበያ ወርደህ ግዛ። ቆዳው ለእናትህ። ይግባኝ የለም።

ደነባ፦

ያ የተለጠፈው ዶላርስ የት ደረሰ?

የጠባሴው፦

ወንድሜ አድርቆት መዘረዘሪያ እየፈለገ ነው።